የድሮ የህንድ ቤት በር ገዝቶ ሳሎን ውስጥ መትከል፦ ማዳን ነው ማፍረስ?

ጠያቂ፦ ደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ ውስጥ ቼቲናድ የሚባል አካባቢ አለ፣ በርማ (የዛሬዋ ማይንማር) በንግድና በአራጣ የከበሩት ቼቲያር የሚባሉ ነጋዴዎች እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቤተ መንግስት የሚያካክል ቤት የሰሩበት። አሁን ቤቶቹ እየፈረሱ የተቀረጸው በርና ምሰሶ እዛው ካራይኩዲ ከተማ ገበያ ላይ እየተቸበቸበ ነው። ገዢውን ምን ትሉታላችሁ?

አናጺው፦ አዳኝ ነዋ! ቲክ የሚባለው የበርማ እንጨት እኮ ነው፣ ዘይት ስላለው ምስጥ አይደፍረውም፣ እንደዛ ያለ ያረጀ ግንድ ዛሬ ከየት ይመጣል? ደላላ ባያነሳው ዝናብ ይጨርሰው ነበር

ቤቲ ዱባይ፦ ወንድሜ እኔ እዚህ የሬስቶራንት ዲኮር ነው የምሰራው። ባለፈው አንድ ጉበን መጣልን፣ መሃሉ ላይ የሂንዱዎቹ የሀብት አምላክ ላክሽሚ ቁጭ ብላ ግራና ቀኝ ዝሆኖች ውሃ ያፈሱባታል፣ አንደኛው ዝሆን ግን ግማሹ የለም፣ ለጭነት እንዲመች በመጋዝ ቆርጠውታል። ይሄ ነው ማዳን?

አናጺው፦ እህቴ እሱ የቆራጩ ብልግና ነው፣ ገዢውን ምን አገባው

ቤቲ ዱባይ፦ እንዴት አያገባውም?! የሚቆርጠው እኮ ለሱ ብሎ ነው

ቲጂ፦ ወራሾቹንስ ማን ጠየቀ? 1942 ጃፓን በርማን ያዘች፣ ከ1962 በኋላ ደግሞ የራሷ የበርማ ወታደራዊ መንግስት የቀረውን ንብረታቸውን ወረሰ፣ ብሩ ደረቀ። ቤቱ የስንት ወንድማማች የጋራ ሆኖ ግማሹ ሲንጋፖር ግማሹ የታሚል ናዱ ዋና ከተማ ቼናይ፣ ጣራውን ማን ያሳድስ? በር ቢሸጡ አልፈርድባቸውም

ጠበቃው፦ የህንድ የ1972 ሕግ ከህንጻ ላይ የተነቀለ ዕቃም 100 ዓመት ከሞላው ቅርስ ነው ይላል፣ የግል ነጋዴ ከአገር ማውጣት አይችልም። ጉዱ ያለው የ1930ዎቹ ቤት ላይ ነው፣ ገና 100 አልሞላውማ፣ ስለዚህ በዚህ ሕግ ቅርስ አይባልም

አናጺው፦ በሉ እንግዲህ፣ ሕጉም ከኔ ጋር ነው 😂

ጠበቃው፦ ካንተ ጋር ሳይሆን ገና አልደረሰበትም

ሶል፦ ቼናይ አጠገብ ዳክሺናቺትራ የሚባል ሙዚየም አለ፣ 1996 የተከፈተ፣ ሊፈርሱ የነበሩ ቤቶችን ፈትቶ አምጥቶ መልሶ ያቆመ፣ የቼቲናድም አለበት። ማዳን ካላችሁ እሱ ነው። በሩ ብቻውን ባር ጀርባ ሲቆም ግን ጌጥ ነው፣ ምሰሶው የየትኛው ግቢ እንደነበር ማንም አያውቅም

አናጺው፦ ሙዚየም ስንቱን ያነሳል ሶል? የቀረውስ ይበስብስ?

ቤቲ ዱባይ፦ አይበስብስ፣ ግን ከመክፈልህ በፊት ቤቱ አሁንም ቆሞ እንደሆነ ጠይቅ። ቆሞ ከሆነ በሩን ያስነቀልከው አንተ ነህ