«ቀልብ ገፋፊ» ፊልም ይባላል?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር የቆዩ ሆረር ፊልሞች ልናይ ነው፤ መግቢያ ጻፍ ተባልኩ። «አስፈሪ ፊልም» ብዬ ጀመርኩና ቀጥ አልኩ። የሚያስደነግጠውም አስፈሪ፣ የሚዘገንነውም አስፈሪ፣ ሌሊት የሚያቃዠውም አስፈሪ! ልዩነቱን የሚያሳይ ቃል የለንም? «ካልት» የሚባለውንስ፣ ጥቂት ግን ቀናተኛ ወዳጆች ያሉትን ፊልም፣ ምን ልበለው?

መልስ (ከደሴ)፦
ሞልቶ ወንድሜ! ድንጋጤ የቅጽበት ነው። በር ድንገት ጓ ይላል፣ ልብህ ክው ትላለች፣ ወዲያው ትመለሳለች። መዘግነን ደግሞ የዓይንና የሆድ ጉዳይ ነው። ሉዊስ ቡኑዌልና ሳልቫዶር ዳሊ እ.ኤ.አ. በ1929 በሠሩት አጭር ፊልም መጀመሪያ ላይ የሴት ዓይን በምላጭ ይሰነጠቃል። በእውነት የተቆረጠው የሞተ ጥጃ ዓይን ነው። ይህን እያወቅኩም ፊቴን አዞራለሁ።

ለሦስተኛው «ቀልብ ገፋፊ» በል። ቀልብ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ልብ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ልብ ይመታል፣ ቀልብ ይሰበሰባል፣ ይበተናል። «ቀልቤ አልወደደውም» ስንል ዓይናችን ያላየውን እሱ አይቶታል ማለታችን ነው።

ገፈፈን ለመረዳት የዓረፋ ለት በግ ሲገፈፍ አጠገቡ ቁም። ቢላዋው ትንሽ ብቻ ይከፍታል። የቀረው የጡጫ ሥራ ነው። ሰውየው ጡጫውን በቆዳውና በሥጋው መሃል እያስገባ ቀስ በቀስ ያላቅቀዋል። ቆዳው ሳይቀደድ ሙሉውን ይወጣል። የጦሳ ተራራ ጉም ረፋዱ ላይ ሲነሣም «ተገፈፈ» እንላለን።

ሄርክ ሃርቪ ልክ እንዲህ ነው የሚሠራው። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ የትምህርትና የፋብሪካ ፊልም ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። «ካርኒቫል ኦቭ ሶልስ»ን እ.ኤ.አ. በ1962 ሠራ፤ ሌላ ረጅም የፈጠራ ፊልም አልሠራም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የነበረችበት መኪና ከድልድይ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ እሷ ትወጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ ገብታ ልብስ ስትለካ የዓለም ድምፅ ይጠፋል። ሻጯን ታናግራታለች። ሻጯ አታያትም፣ አትሰማትም። እዚያ ቦታ ላይ ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። እኔ ግን ቀልቤ የተገፈፈው እዚያ ነው።

ሌላ አባል (ከኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፤ «ቀልቡ ተገፈፈ» እኮ በድንገት ለደነገጠም ይባላል። አያቴ ጅብ ድንገት መንገድ ላይ ስለገጠማት ስታወራ ቃሏ ይሄው ነበር።

መልስ (ከደሴ)፦
ልክ ነህ፣ አያትህ አልተሳሳቱም። ፍጥነቱን ትቼ የምለው ስለሚቀረው ነገር ነው። የደነገጠ ሰው ውኃ ጠጥቶ ይረጋጋል። ቀልቡ የተገፈፈውን ግን «ቀልቡ እስኪመለስ ተዉት» ነው የምንለው። የሄደ ነገር አለ ማለት ነው፤ ይጠበቃል።

«ካልት»ን ካልት ብትለው ይሻላል። «አምልኮ» ካልከው ሰው ሌላ ይረዳብሃል። ለዳይሬክተሮቹ ግን «አፈንጋጭ» የሚል ቃል አለን። ወፈፌ እንዳትላቸው፤ ሃርቪ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አፈንጋጭን ወስጃለሁ። ያቺን የሱቋን ቦታ ዛሬ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጌ አያታለሁ፤ ዝም የሚልበትን ልክ መስማት ፈልጌያለሁ።