የዘይት ፊልትሮው አልፈታ ብሎኛል፣ እባካችሁ ምክር

ሰላም ወገኖች። የናፍጣ ሃይሉክስ ነው፣ ሞተሩ 2.5 ዲ ፎር ዲ። ዘይቱን ግቢ ውስጥ ራሴ እየቀየርኩ ነው። ሞተሩን ለብ አድርጌ አሮጌውን ዘይት አፍስሻለሁ፣ እስከዚያ ሰላም ነበር።

ፊልትሮው ግን ንቅንቅ አልል አለ! ባለፈው የገጠመው ጋራዥ ክፉኛ አጥብቆታል። በደረቅ ጨርቅ ይዤ ሞከርኩ፣ በሰንሰለት መፍቻም ጠመዘዝኩት። ቆርቆሮው መጨማደድ ጀመረ እንጂ ጥርሱ አልላላም።

የጎረቤት ልጅ «በካቻቢቴ ብሳውና አዙረው» ይለኛል። ቆርቆሮው ተቀዶ ጥርሱ ያለበት ክፍል ብቻ ሞተሩ ላይ ቢቀርስ? ያኔ በምን ይያዛል? ያለ ዘይት ደግሞ ሞተር ቢነሳ ይበላሻል፣ ነድቼ ጋራዥ ልወስደው አልችልም።

የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ መብሳት ካለብኝ የት ጋ ልብሳው? አዲሱ ፊልትሮና 15 ደብሊው 40 ዘይት ዝግጁ ነው። ነገ ጠዋት እናቴን ሐኪም ቤት ማድረስ አለብኝ።