«ዓለማዊት ሪፐብሊክ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የፈረንሳይን የ1958 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት እየተረጎምኩ አንቀጽ 1 ላይ ቆምኩ፦ «የማትከፋፈል፣ ዓለማዊት፣ ዴሞክራሲያዊትና ማኅበራዊት ሪፐብሊክ»። እናቴ አንብባ «ዓለማዊት? ዘፋኝ ናት እንዴ?» አለችኝ። ፈረንሳይኛው «ላኢክ» ነው የሚለው፤ መንግሥቷ ከሃይማኖት የተለየ ነው ለማለት። ምን ልበለው?

ግስ አውራጅ፦ እናትህ አልተሳሳቱም። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ዓለማዊ የመንፈሳዊ ተቃራኒ ነው፤ ለስድብ የቀረበ። ሥሩን ካያችሁ ግን የግእዙ «ዓለም» ዘመንም ነው። የላቲኑ «ሴኩሉም»ም ዘመን ነው። እኛ «ለዓለመ ዓለም» የምንለውን እነሱ «ኢን ሴኩላ ሴኩሎሩም» ይሉታል። ስለዚህ ከሴኩሉም የወጣው «ሴኩላር» ዓለማዊ ነው። አለቀ።

ቀለም በጥባጭ፦ ምኑ አለቀ? የተጠየቀው ሴኩላር ሳይሆን ላኢክ ነው።

ሥር ፈላጊ፦ ላኢክ የኛው «ላእክ» አይደለም እንዴ? ለአከ፣ መልአክ፣ መልእክት… ፈረንጅ ወስዶት ነው እንጂ።

ግስ አውራጅ፦ ኧረ በስመ አብ! ላእክ እኮ መቅደስ ገብቶ የሚያገለግለው ነው። ላኢክ ከግሪኩ «ላኦስ» (ሕዝብ) የመጣ፣ ክህነት የሌለው ማለት ነው። በመጽሐፈ ቅዳሴው «ይ.ካ» (ይበል ካህን) ሳይሆን «ይ.ሕ» (ይበል ሕዝብ) የተባለው ወገን። ግስ ሳያወርዱ ሥር መቆፈር ይቅር።

ቀለም በጥባጭ፦ እንግዲያው «ሕዝባዊት ሪፐብሊክ» በሏትና ከቻይና ጎን አስቀምጧት፣ ሃሃ።

የዐረብኛ ወዳጅ፦ ዐረቦቹም አልተስማሙም። «ዐልማኒያ» ብሎ ከዓለም የሚያመጣው አለ፤ «ዒልማኒያ» ብሎ ከዒልም፣ ከዕውቀት የሚያመጣውም አለ። ቱርኮች ግን የፈረንሳዩን ወስደው «ላይክሊክ» አሉና በ1937 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገቡት። የመስጊድ ኢማሞችን የሚቀጥረው ደግሞ ዲያኔት የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። «ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩባት» ብትሉት ለቱርክ አይሆንም።

ቀለም በጥባጭ፦ ለራሷ ለፈረንሳይም በሙሉ አይሆንም። የመለያየቱ ሕግ በ1905 ሲወጣ አልዛስና ሞዜል የሚባሉት የምሥራቅ ግዛቶቿ በጀርመን እጅ ስለነበሩ አልደረሰባቸውም። እዚያ ዛሬም ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ረቢውም ደመወዛቸው ከመንግሥት ነው። በእንግሊዝ 26 ጳጳሳት በሎርዶች ምክር ቤት ወንበር አላቸው፤ አገሬው ግን ስለ እምነቱ አብዝቶ የሚያወራ ፖለቲከኛ አይወድም። አሜሪካ የመንግሥት ሃይማኖት በሕግ ከልክላ ፕሬዚዳንቷ ንግግሩን በእግዚአብሔር ስም ይዘጋል። እኔ በበኩሌ ቃሉን ትቼ ደመወዝ ከፋዩን ነው የማየው።

ግስ አውራጅ፦ ደመወዝ ሌላ መድረክ ውሰደው፤ እዚህ ቃል ነው የሚመረመረው። ህንዶችን እዩ። በ1976 ማሻሻያ «ሴኩላር» ሲጨመር የሂንዲው ቅጂ «ከዳርማ ገለልተኛ» አላለም፤ «ከፓንት (ከእምነት መንገድ) ገለልተኛ» አለ። ዳርማ ሥርዓትም ግዴታም ጽድቅም ነውና መንግሥት እንዴት ከእሱ ይገለላል? የኛም «ሃይማኖት» እኮ እምነቱ ራሱ ነው፤ «ሃይማኖተ አበው» ስንል ድርጅት ማለታችን አይደለም። መንግሥት የሚለየው ከቤተ እምነት ነው።

የዐረብኛ ወዳጅ፦ አልስማማም። ቤተ እምነት ካልክ ተቋም የሌለው አማኝ የት ሊገባ ነው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ወንድሞቼ፣ ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። «ዓለማዊት» ልተወው ወይስ ልቀይረው?

ሥር ፈላጊ፦ ቆይ፣ ፓንት መንገድ ማለት ከሆነ ከኛው «ፍኖት» ጋር አይገጥምም?

ግስ አውራጅ፦ ፍኖት ከፈነወ ነው። ተው!