ጥቆማ፦ ለፍቺና ለንብረት ክፍፍል የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

ወይናምባ
ጤና ይስጥልኝ። የታናሽ እኅቴ ትዳር ወደ ፍቺ እያመራ ስለሆነ በቤተሰብ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ጠበቃ እንድትጠቁሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የአራት ዓመት ልጅ አላቸው። የሚኖሩበት የ20/80 ኮንዶሚኒየም በባልየው ስም የተመዘገበ ሲሆን፣ ቅድመ ክፍያው ከጋብቻው በፊት፣ ወርኃዊው የባንክ ዕዳ ግን በጋብቻው ውስጥ የተከፈለ ነው። እስካሁን ሦስት አማራጮች ቀርበውልናል፤ አንደኛው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ብቻቸውን የሚሠሩ የቀድሞ ዳኛ፣ ሁለተኛው ቦሌ የሚገኝ በርካታ ጠበቆች ያሉት የጥብቅና ድርጅት፣ ሦስተኛው ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። የምፈልገው የጠበቃ ስም ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ከዚህ በፊት በምን ሥራ ላይ ቢቆይ እንደሚሻል፣ ለሚከፈለውም ገንዘብ በትክክል ምን እንደሚሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የልደታ ጎረቤት
እኅቴ፣ ሌላ ቦታ አትድከሚ። የጠቀስሻቸው የቀድሞ ዳኛ እኔ የማስባቸው ሰው ከሆኑ ፍለጋሽ እዚህ ላይ አብቅቷል። የአጎቴን የመሬት ካሳ ክርክር ይዘው እስከ ሰበር ድረስ ሄደው ያሸነፉ፣ ባለጉዳይን በክብር የሚቀበሉ፣ ችሎት ሲገቡ ዳኞቹ እንኳ የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው።

ሚዛን ጠባቂ
የመሬት ካሳ ክርክር ማሸነፋቸው ለአራት ዓመቱ ሕፃን አስተዳደግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ቢያብራሩልን መልካም ነበር። ዳኞቹ ያከብሯቸዋል የሚለውም እንደ ማስረጃ የሚቆጠር ከሆነ እኛም የሰፈራችንን ዕድር ዳኛ እንጠቁማለን።

ቀጠሮ ያቃጠለው
ስለ ቀድሞ ዳኝነት ከተነሣ የእኔም ይሰማ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጠበቃ የፍቺና የንብረት ጉዳዬን ሊይዝልኝ ተስማምቶ የክፍያውን ግማሽ በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ውል ተቀበለኝ። «አንተ መምጣት አያስፈልግህም፣ ውክልናው በእጄ ነው» ስላለኝ በቀጠሮው ቀን ሥራዬ ላይ ዋልኩ። ስልኩ ለተከታታይ ቀናት ዝግ ሲሆንብኝ ራሴ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ከመደርደሪያው ያወረደችው መዝገብ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተዘግቷል» የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ከሳሽም ጠበቃም በቀጠሮው ባለመቅረባቸው ነው የተዘጋው። አዲስ ክስ ለማቅረብ የዳኝነት ክፍያ እንደገና ከፈልኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን እግድ እንዲጠየቅልኝ ደጋግሜ ለምኜው ሳለ ሳይጠይቅ በመቅረቱ፣ መዝገቡ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ መኪናችን ተሸጣ ማግኘቴ ነው። ይህ ሰው ቢሮው ግድግዳ ላይ የዳኝነት ሹመት ደብዳቤውን በመስተዋት አስገብቶ ሰቅሏል።

ጉለሌ 07
ወንድሜ፣ እንዴት ያለ በደል ነው የደረሰብዎ! መኪናዋ ተመለሰች? ለፈቃድ ሰጪው አካል የሥነ ምግባር አቤቱታ አቅርበዋል? ስሙን ቢነግሩን ሌላው ሰው ይጠነቀቅ ነበር።

ቀጠሮ ያቃጠለው
አቤቱታውን አቅርቤ ውሳኔ እየጠበቅኩ ስለሆነ ስሙን መጥራት ተገቢ አይመስለኝም። መኪናዋን በተመለከተ ግምቷ በክፍፍሉ እንዲታሰብልኝ እየተከራከርኩ ነው።

የልደታ ጎረቤት
ጋሼን ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነውር ነው። እሳቸው ከቀጠሮ ቀርተው አያውቁም።

እናት ጓዳ
ልጆቼ፣ ስለ መኪና ስታወሩ ሕፃኑን ረሳችሁት። ጠበቃ ከመፈለግ በፊት ሽማግሌ ይላክ፤ እኛ ያደግነው በቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው። ለሁሉም ግን እኅትሽ አትስጋ፣ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ለእናት ነው፤ ሕጉም የሚለው ይኸንኑ ነው።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ
እናታችን፣ የጠቀሱት ድንጋጌ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ በእርግጥ ነበረ። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ግን ለእናት ተብሎ የተለየ የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ የባልና ሚስቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም መርምሮ ይወስናል። ሽማግሌም ቢሆን አልቀረም፤ ችሎቱ ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካኝነት እንዲነጋገሩ ሊያደርግ፣ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። በቀድሞው ሕግ ፍቺውን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አሁን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ጠያቂያችን ያነሱት ዋናው ጥያቄ ምላሽ ሳያገኝ ስለቀረ ለብዙ ዘመን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ ያየሁትን ልናገር። አብዛኞቹ ጠበቆች የሕግ ዲግሪያቸውን ይዘው በዳኝነት፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በመሥሪያ ቤት የሕግ አገልግሎት ቆይተው ነው ወደ ጥብቅናው የሚመጡት። የቀድሞ ዳኛ መሆን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በየትኛው ችሎት ዳኛ እንደነበሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸውን በወንጀል ችሎት ያሳለፉ ሰው የሕፃን ቀለብ እንዴት እንደሚሰላ ከመጽሐፍ ብቻ ያውቁት ይሆናል፤ በአንጻሩ ዳኛ ሆነው የማያውቁ፣ በየሳምንቱ የቤተሰብ ችሎት ደጃፍ የማይጠፉ ጠበቆች አሉ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ፍትሕ ሚኒስቴር የሚሰጠው ፈቃድ የግድ ነው። ፈቃዱን «ያሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ በጥያቄው የሚቆጣ ጠበቃ ካለ መልሱን በቁጣው ሰጥቷል።

ሥራውን በተመለከተ፣ ጠበቃው ሊያመጣው የሚችለው ለውጥ ከፍርዱ ቀን ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል። የፍቺ ጥያቄው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን አለው። ይህን በጊዜው አዘጋጅቶና አስደግፎ የሚጠይቅ ጠበቃ እንደ ወንድማችን መኪና ያለውን ጉዳት ያስቀራል። ኮንዶሚኒየሙን በሚመለከት፣ ቤቱ በባልየው ስም መመዝገቡ ብቻውን ክርክሩን አይቋጨውም፤ በአንቀጽ 63 መሠረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረትም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በሌላ በኩል ከጋብቻ በፊት የተከፈለው ገንዘብ የባልየው ጠንካራ መከራከሪያ ስለሚሆን፣ ጠበቃው ገና በመጀመሪያው ቀን «የዕጣው ማስረጃ፣ የቤቱ ውልና የባንክ ክፍያው መግለጫ የት ናቸው?» ብሎ ካልጠየቀ ጉዳዩን አልያዘውም ማለት ነው።

ሚዛን ጠባቂ
በመጨረሻ ጥያቄውን ያነበበ ሰው ተገኘ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት
እኔ ደግሞ ከአሜሪካ ልምዴን ላካፍል። እዚህ የጠበቃ ፈቃድ በየስቴቱ የሚሰጥ በመሆኑ የሜሪላንዱ ጠበቃ የቨርጂኒያ ፈቃድ ከሌለው ቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ሊቆምላችሁ አይችልም፤ ይህን ሳያጣሩ ገንዘብ የከፈሉ ወገኖች አጋጥመውኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ጥፋት ለመፋታት አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር ያስፈልጋል፤ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌለና የጽሑፍ ስምምነት ካለ ግን ስድስት ወር ይበቃል። በሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ሕጉ ተለውጦ በጥፋት ላይ የተመሠረቱት ምክንያቶች ቀርተዋል። በመጀመሪያው ምክክር ላይ የሚታሰበውን የሰዓት ክፍያ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጉለሌ 07
ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ሆኖም የጠያቂዋ እኅት አዲስ አበባ ናት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት
አውቃለሁ፤ የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር ብዬ ነው። እንዲያውም እዚህ ተፋትቶ አገር ቤት ያለውን ቤት ለመካፈል የሚፈልግ ሰው የውጭውን ፍርድ በኢትዮጵያ ለማስፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት እንዳለበት የነገረኝ አዲስ አበባ ያለ ጠበቃ ነው።

የልደታ ጎረቤት
የተባሉት ሁሉ መልካም ናቸው፤ ይሁንና ጋሼ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ድርጅት የሚባለው ነገር እኔን አይዋጥልኝም። ዛሬ አንዱን ታነጋግሪያለሽ፣ በቀጠሮው ቀን ደግሞ መዝገቡን መንገድ ላይ ያነበበ ሌላ ወጣት ይልኩልሻል።

ሰነድ ያዥ
ወንድሜ፣ በድርጅት በኩል የተጠቀምኩ ሰው ነኝና አስተያየትዎ ግማሽ እውነት ነው። የጥብቅና ድርጅት በሕግ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ስለሆነ ልምዱ ገና አዲስ ነው፤ እኔም ሁለት የተለያዩ ጠበቆች መጥተውልኛል። ነገር ግን አንዷ ስትታመም ሌላው መዝገቡን ይዞ በሰዓቱ ቀርቧል፤ ብቸኛው ጠበቃ ቢታመም ኖሮ ቀጠሮው ይቃጠል ነበር። ወጪው ይከብዳል። ክፍያው በየደረጃው፣ ማለትም ለፍቺው፣ ለልጁ ጉዳይና ለንብረት ክፍፍሉ ተለይቶ በጽሑፍ ተዋውለን ስለነበር ፍቺው በስምምነት ሲያልቅ ለቀሪው ክርክር አልከፈልኩም። ከንብረቱ በመቶኛ ካልሆነ የሚል ጠበቃ አጋጥሞኝ ትቼዋለሁ።

እናት ጓዳ
የሴቶቹን ማኅበርስ ማን ያውቃል? የጎረቤቴ ልጅ በእነሱ በኩል ነው ቀለብ ያስቆረጠችው፤ ሳንቲም አልከፈለችም።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ
ማኅበሩ በ1987 በሕግ ባለሙያ ሴቶች የተቋቋመ ሲሆን የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከታገሉት መካከል ዋነኛው ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል። ነፃ አገልግሎቱ የታሰበው ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነው። እኅትዎ ደመወዝተኛ ከሆኑ ሙሉ ውክልና ባይሰጣቸው እንኳ ምክር መጠየቁ አይጎዳም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቆች ራሳቸው በሥነ ምግባር ደንባቸው ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ የተጣለባቸው ግዴታ እንዳለ የሚያውቅ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች በተመለከተ ግን፣ በስምምነት ለሚደረግ ቀላል ፍቺ ካልሆነ ቤትና ልጅ ያለበትን ጉዳይ በእነሱ ብዕር ባይጀምሩት እመክራለሁ፤ የጎደለ ክስ ማሻሻል ከባዶ ከመጀመር ይብሳል።

ቀጠሮ ያቃጠለው
እኔም የምጨምረው አለኝ፤ ውክልና ሰጠሁ ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። የመዝገቡን ቁጥር፣ የችሎቱን ስምና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ራሳችሁ ጽፋችሁ ያዙ።

ወይናምባ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባንክ የክፍያ መግለጫውን ማውጣት ጀምረናል፤ ዕዳው በባልየው ሒሳብ በኩል የተከፈለ በመሆኑ ባንኩ ለእኅቴ ሊሰጣት ፈቃደኛ አልሆነም። ከቦሌውም ከልደታውም ጋር ተነጋግረናል። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ባልየው «በስምምነት እንፋታ» የሚል ሐሳብ ትናንት አምጥቷል፤ እንደዚያ ከሆነ ጠበቃው ብቻውን ፍርድ ቤት ቀርቦ መጨረስ ይችላል?

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ
በስምምነት ፍቺ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ራሳቸውን አነጋግሮ በነፃ ፈቃዳቸው የተስማሙ መሆናቸውን ማረጋገጥ ስላለበት እኅትዎ ለመቅረብ ይዘጋጁ። ስምምነቱ ስለ ልጁና ስለ ቤቱ የሚለውን ሁሉ በዝርዝር ይያዝ፤ «ንብረቱን በኋላ እንነጋገራለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት አይፈርሙ። የባንኩን መግለጫ ደግሞ ባንኩ ለእኅትዎ ባይሰጥም ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ ሊያዝዘው ይችላል፤ ትእዛዙ እንዲሰጥ ማመልከት የጠበቃው ሥራ ነው። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ፍቺው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ያድርጉ።

የልደታ ጎረቤት
ከልደታው ጋር ተነጋግረናል ያልሽው ከጋሼ ጋር ከሆነ ደስ ብሎኛል። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው አይገኙምና በሌላ ቀን ሂጂ።