የድመት ሽንት ሽታ ከሶፋና ከፓርኬ ወለል እንዴት ይለቃል?

ጤና ይስጥልኝ። አይጥ ታባርርልናለች ብለን ያስገባናት ድመት (አይጡንስ በእርግጥ አባርራለች) የሳሎኑ ሶፋ ጥግና ከሥሩ ያለው ፓርኬ ላይ ደጋግማ በመሽናቷ፣ ሽታውን ማስለቀቅ አቅቶኝ ምክራችሁን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

በመጀመሪያ በሞቀ ውኃና በዱቄት ሳሙና አጠብሁት፤ ቀጥሎም አቼቶ በውኃ አቅጥኜ ረጨሁበት። ሲደርቅ የጠፋ ቢመስልም ዝናብ ጥሎ አየሩ በረጠበ ቁጥር ሽታው እንደ አዲስ ይነሣል፤ ምክንያቱም በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ደርቆ ይቀርና እርጥበት ሲያገኝ ይቀሰቀሳል። ጎረቤቴ «በረኪና ካልሆነ አይለቅም» ብትለኝም፣ በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር አልነካሁትም።

የሶፋውን ጨርቅ ገልጬ ሳይ ስፖንጁ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ክብ ይዟል፤ በፓርኬው መጋጠሚያዎች ላይም ጥቁር መስመር ወጥቷል። ስለዚህ ኢንዛይም (ዩሪክ አሲዱን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለበት ማጽጃ አዲስ አበባ ውስጥ በምን ዓይነት መደብር እንደሚገኝ፣ ስፖንጁን ከመቀየር ሌላ መላ ይኖር እንደሆነ፣ ፓርኬውም በማሽን ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ቢቀባ ጥቁረቱ ይለቅ እንደሆነ የሞከራችሁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ድመቷን ለሰው መስጠት ግን አልፈልግም።