ክርክር፦ በቤዝቦል ውርርድ መቺን በየሁኔታው በተከፋፈለ ቁጥር መመዘን ይገባል ወይ?

ጠያቂ፦
በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በመቺዎች ላይ የሚወራረድ ሰው የመቺውን የዓመት አማካይ ብቻ ይዞ መወሰን አለበት ወይስ ቁጥሩን በየሁኔታው መከፋፈል አለበት? በየሁኔታው ስል ሯጭ (ነጥብ ለማስገባት ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች በተራ የሚዞረው ተጫዋች) በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ግራኝ ወርዋሪ ሲገጥመው፣ በገዛ ሜዳው ሲጫወት፣ ወይም ጨዋታው ሊያልቅ ተቃርቦ ውጤቱ አንገት ለአንገት ሲሆን ማለቴ ነው። እኔ መከፋፈል አለበት ባይ ነኝ። የዓመት አማካይ ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ውርርድ ግን የሚደረገው ዛሬ፣ በዚህ ወርዋሪ ፊት፣ በዚህ ሜዳ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

ማስረጃዬ የ2013ቱ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነው። የቡድኑ አጠቃላይ የመምታት አማካይ (ከሚቆጠሩት የመምቻ ተራዎች ውስጥ የተሳካ ምት የተገኘበት ድርሻ) 0.269 ሲሆን፣ ሯጭ ለነጥብ በተቃረበበት ጊዜ፣ ማለትም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቤዝ ላይ ሳለ፣ ግን 0.330 መቱ። ከመካከላቸው አለን ክሬግ በጠቅላላው 0.315፣ በዚያ ሁኔታ ደግሞ 0.454 መቷል። ክሬግ ሯጮች ቤዝ ላይ ሳሉ ወደ መምቻው ቦታ ሲመጣ በ0.315 የገመተው ተወራራጅና በ0.454 የገመተው ተወራራጅ እኩል ያውቃሉ ማለት አይቻልም።

መዛኝ፦
ምሳሌው መልካም ነው፤ ግን በ2013 ላይ ቆሟል። ለተወራራጅ ዋናው ነገር የሚቀጥለው ዓመት ነው። ካርዲናልስ በ2014 ሯጭ ለነጥብ ተቃርቦ ሳለ የነበራቸው አማካይ ከ0.260 በታች ወረደ። ክሬግም በዚያው ዓመት በጠቅላላው 0.215 መትቶ፣ በውድድሩ አጋማሽ ወደ ቦስተን ሬድ ሶክስ ተላለፈ። በ2013 ቁጥር ተመክቶ በ2014 የተወራረደ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ባለፈ ነገር ላይ ነው።

ጠያቂ፦
በክሬግ ላይ ትንሽ ይታገሡ። በመስከረም 2013 እግሩን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም የቀድሞው መቺ ሆኖ አልተመለሰም። የ2014 ውድቀቱ የጉዳት ውጤት ከሆነ፣ የ2013ቱ ቁጥር ሐሰት እንደነበረ አያሳይም። ደግሞም ከ0.315 ወደ 0.454 ያለው ርቀት በዕድል ብቻ ሊገለጽ የሚችል አይመስለኝም።

መዛኝ፦
ስለ ጉዳቱ የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔም በእሱ ላይ ብቻ መመሥረት አልነበረብኝም። ነገር ግን መላው ቡድን እግሩን አልተጎዳም፤ ያም ሆኖ የቡድኑ ቁጥር ወርዷል።

ስለ ርቀቱ ግን አብረን እናስላ። ክሬግ በዚያ ሁኔታ የነበሩት የሚቆጠሩ ተራዎች 130 ያህል ናቸው። እውነተኛ ችሎታው 0.315 የሆነ መቺ በ130 ተራ ውስጥ በዕድል ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም በአማካይ በ0.041 ያህል ይዋዥቃል። የክሬግ ልዩነት 0.139 ነው፤ ይህም የዚያ ውዥቀት ሦስት ከግማሽ እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር በዕድል የሚከሠተው ከ3000 ጊዜ አንዴ አካባቢ ነውና እርስዎ «አይመስለኝም» ማለትዎ አያስገርምም። ሆኖም ሊጉ 30 ቡድኖች አሉት፤ ከየቡድኑ ዘጠኝ መቺ ብንወስድ በየዓመቱ 270 መቺዎች አሉን። ማንም ልዩ ችሎታ ባይኖረው እንኳ በ11 ዓመት ገደማ አንድ ክሬግ መታየቱ አይቀርም ማለት ነው። እኛም ክሬግን የመረጥነው አስቀድመን ሳይሆን ቁጥሩ ጎልቶ ከወጣ በኋላ ነው፤ ተወራራጁን የሚያሳስተውም ይህ ምርጫ ነው።

ተራ ምሳሌ ልጨምር። የ0.270 መቺ በአንድ የውድድር ዘመን 550 ተራ ካገኘ፣ የዕድል ውዥቀቱ 0.019 ነው። ያንኑ ዓመት ከፋፍለን 150 ተራ ብቻ ስንመለከት 0.036 ይሆናል። 20 ተራ ብቻ ካየን 0.099 ይደርሳል፤ ይህም ማለት በ0.170 እና በ0.370 መካከል ያለ ማንኛውም ቁጥር ስለ ሰውየው የሚነግረን ነገር እምብዛም ነው። በከፋፈልን ቁጥር ጥያቄያችን ይጠራል፤ መልሳችን ግን ይደበዝዛል።

አሰላሳይ፦
ከዕድሉም በፊት አንድ ነገር መጥራት አለበት፤ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን የተለኩ አይደሉም። ሯጭ በሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ አውት የሆኑት (ከተራው የተሰናበቱት) ከሁለት ያነሱ ሲሆኑ፣ መቺው ኳሷን ወደ ሜዳው ጥግ አርቆ ቢያጎናትና ብትያዝበት፣ ሯጩም በዚያ ምክንያት ነጥብ ቢያስገባ፣ ይህ የመሥዋዕት ምት ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሚቆጠሩት ተራዎችም ይወጣል። ቤዞቹ ባዶ ሆነው ያችው ኳስ ብትያዝበት ኖሮ አማካዩን ትቀንስበት ነበር። ስለዚህ ሯጭ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሲኖር አማካዩ ከፍ የሚለው መቺው ስለጠነከረ ሳይሆን የአቆጣጠሩ ደንብ ስለረዳው የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሯጭ በመጀመሪያው ቤዝ ላይ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ ሯጩን ለመያዝ ከቤዙ ሳይርቅ ስለሚቆም በቀኝ በኩል ክፍተት ይፈጠራል፤ ወደዚያ የሚመታ ግራኝ መቺም ይጠቀማል። ወርዋሪውም ሯጩ ቀጣዩን ቤዝ እንዳይሠርቅ ሲል አወራወሩን ያሳጥራል። እነዚህ ሁሉ ማንም መቺ ሊያገኛቸው የሚችሉ ጥቅሞች ናቸው። አንዱን መቺ ከራሱ አማካይ ጋር ብናነጻጽረው ሁልጊዜ «በጭንቅ ጊዜ የሚበረታ» ይመስለናል፤ ማነጻጸር ያለብን ሊጉ በሙሉ በዚያው ሁኔታ ከሚመታው ጋር ነው። ጠያቂ ባቀረቡት ምሳሌ ውስጥ ይህ ማስተካከያ አልተደረገም፤ በጨዋታ ስርጭቶች ላይ በሚቀርቡት ቁጥሮችም ሲደረግ አይቼ አላውቅም።

ታዛቢ፦
መዛኝ ሁሉንም ክፍፍል በአንድ ሙቀጫ እንዳይወቅጡብን እሰጋለሁ። አንዳንዱ ክፍፍል የጀርባ ምክንያት አለው፤ አንዳንዱ የለውም። ግራኝ መቺ ግራኝ ወርዋሪ ሲገጥመው ይቸገራል፤ ቀኝ እጅ መቺም ከቀኝ እጅ ወርዋሪ ይልቅ በግራኙ ላይ ይቀለዋል። ምክንያቱም መቺ በእሱው እጅ የሚወረውር ሲገጥመው ኳሷ ከየት እንደምትለቀቅ የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ ተጣማሚዋ ኳስም ከእሱ እየሸሸች ትሄዳለች። ይህ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሺህ በሚቆጠሩ መቺዎች ላይ የታየ ነገር ነው። አሠልጣኞች በዚህ ምክንያት መቺ ይቀይራሉ። ሊጉ በ2020 አንድ ወርዋሪ ኢኒንጉ (የጨዋታው ዙር) ካላለቀ ወይም ካልተጎዳ በቀር ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም አለበት የሚል ደንብ እስኪያወጣ ድረስም፣ አንድ ግራኝ መቺ ብቻ ለመጣል የሚገቡ ግራኝ ወርዋሪዎች ነበሩ። ለአንድ ሰው ሲባል ወርዋሪ የሚቀየረው ልዩነቱ እውነት ስለሆነ ነው።

ሜዳም እንዲሁ ነው። የኮሎራዶ ሮኪስ ሜዳ የሆነው ኩርስ ፊልድ ከባሕር ጠለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ የተሠራ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ትርቃለች፣ ተጣማሚ ውርወራም ያን ያህል አይጣመምም። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹ እርጥበት በተጠበቀበት ክፍል ቢቀመጡም ሜዳው ዛሬም ለመቺ የሚያደላ ነው። የሮኪስ መቺ በሜዳው 0.300 መትቶ ከሜዳው ውጭ 0.240 ቢመታ፣ ይህን ችላ ብሎ በአማካዩ የሚወራረድ ሰው ይሳሳታል።

መዛኝ፦
በዚህ ተረትቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። የግራና የቀኝ ልዩነት እውነት ቢሆንም፣ የአንዱ መቺ የግል ልዩነት በአንድ ዓመት ቁጥር አይታወቅም። ከግራኝ ወርዋሪ ጋር የሚገጥምበት ተራ በዓመት ከ150 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሰውየው ከግራኞች ጋር 0.340 መታ ቢባል፣ በእኔ ግምት ለእሱ መስጠት ያለብን የራሱን 0.340 ሳይሆን ለእሱ ዓይነት መቺዎች ሁሉ የተለመደውን ልዩነትና ከራሱ ቁጥር ጥቂት ነው። የብዙኃኑ ቁጥር ይምራ፤ የግለሰቡ ይከተል።

ጠያቂ፦
ይህን እቀበላለሁ። አንድ መቺ ከአንድ ወርዋሪ ጋር ያለው ታሪክስ? «ከዚህ ወርዋሪ ጋር በ11 ተራ 6 ጊዜ መትቷል» የሚለውን ማለቴ ነው። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ለዛሬው ጨዋታ የቀረበ አይደለምን?

አሰላሳይ፦
ቀረቤታው ነው የሚያታልለው። እነዚያ 11 ተራዎች በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ውስጥ የተጠራቀሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወርዋሪው ፍጥነቱን አጥቶ ወይም አዲስ ውርወራ ተምሮ ይሆናል። በ2023ም ደንቡ ራሱ ተለውጧል፤ ከሁለተኛው ቤዝ በየጎኑ ሁለት ሁለት የውስጥ ሜዳ ተከላካይ መቆም ግዴታ ስለሆነ፣ በቀኝ በኩል በተደረደሩ ተከላካዮች ምታቸው ይያዝባቸው የነበሩ ግራኝ መቺዎች የቀድሞ ቁጥራቸው ዛሬን አይገልጽም። ካለው ታሪክ ይልቅ ወርዋሪው ምን ዓይነት ውርወራ እንደሚወረውርና መቺው ያንን ዓይነት ውርወራ ከሌሎች ወርዋሪዎች ሲያገኝ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመታው ማየት ይሻላል። ከ2015 ጀምሮ በሁሉም ሜዳዎች የእያንዳንዱ ምት ፍጥነት ይለካል፤ በሰዓት 95 ማይልና ከዚያ በላይ የሆነው ጠንካራ ምት ይባላል። ይህ መለኪያ ኳሷ ተከላካይ እጅ ላይ መውደቅ አለመውደቋን ስለማይጠብቅ ዕድል ያን ያህል አያናውጠውም።

ታዛቢ፦
ስለ ጭንቅ ጊዜ ጀግንነት አንድ ነገር ልበልና ወደ ኦዱ፣ ማለትም ውርርዱ ከተሳካ ገንዘቡ ስንት እጥፍ ሆኖ እንደሚመለስ ወደሚወስነው ቁጥር፣ እሻገራለሁ። የቀድሞውን የኒው ዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ዴሪክ ጂተርን ወዳጆቹ ሁሉ በትልቅ ጨዋታ የሚበረታ ሰው አድርገው ያስታውሱታል፤ እኔም እንዲሁ አስታውሰዋለሁ። በመደበኛው ውድድር የሕይወት ዘመን አማካዩ 0.310 ነው፤ በ158 የማጣሪያና የፍጻሜ ጨዋታዎች ደግሞ 0.308። ከጠንካራ ወርዋሪዎች ጋር ይህን ማስጠበቁ ታላቅነት ነው፤ ለተወራራጅ ግን የ0.310 መቺን በ0.310 መገመት ይበቃው ነበር።

ወደ ኦዱ ስሻገር፣ እስካሁን የተከራከርነው ቁጥሩ እውነት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው። ለተወራራጅ ይህ ግማሹ ጥያቄ ብቻ ነው። ኦዱ 1.91 ከሆነ ላለመክሰር ብቻ ከ100 ውርርድ ከ52 በላይ ማሸነፍ አለበት። የግራና የቀኝ ልዩነትንም ሆነ የኩርስ ፊልድን አየር አወራራጁ ድርጅት ከእኛ በፊት ያውቀዋል፤ ኦዱንም የሚያወጣው ያንን አስልቶ ነው። እንግዲህ እውነተኛው ክፍፍል አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ገብቷል፤ ያልገባው ሐሰተኛው ነው። ሰው ደግሞ በብዛት የሚወራረደው በሐሰተኛው ላይ ነው፤ በ11 ተራ 6 የሚለው ለዓይን ይስባልና።

ጠያቂ፦
ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ አቋሜን በከፊል እለውጣለሁ። ከእንግዲህ ሯጭ በተቃረበበት ጊዜ ያለውን አማካይና የመቺና የወርዋሪ የግል ታሪክን ከሚዛኔ አወጣለሁ። ነገር ግን ሁኔታ ራሱ ዋጋ የለውም የሚለውን አልቀበልም። ውርርዱ መቺው ስንት ነጥብ ያስገባል በሚለው ላይ ሲሆን፣ ከችሎታው እኩል የሚወስነው ስንት ሯጭ ከፊቱ ቤዝ ላይ ያገኛል የሚለው ነው። ከእሱ በፊት የሚመቱት ሁለቱ ሰዎች ቤዝ ላይ የመድረስ አቅም፣ በተራ ቅደም ተከተሉ ስንተኛ እንደሆነ፣ እነዚህ አስቀድመው የሚታወቁ ሁኔታዎች ናቸው። በቅደም ተከተሉ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ብቻ በ162 ጨዋታ 18 ያህል ተራ ያስቀራል።

መዛኝ፦
እዚህ ላይ ልዩነታችን ጠቧል፤ አልጠፋም። እርስዎ የሚሉት የሚመጣውን ዕድል ብዛት እንጂ የመቺውን ጠባይ አይለካም፤ ያንን ከመጀመሪያውም አልተቃወምኩም። የምቃወመው ከተራ ቅደም ተከተሉ ተነሥተን «ይህ ሰው በዚህ ቦታ ሲቆም ይነሣሣል» ወደሚለው መሻገርን ነው። ደግሞም አሠላለፉ የሚታወጀው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው፤ ከዚያ በፊት የተወራረደ ሰው አራተኛ ሆኖ ይመታል ያለው መቺ ሰባተኛ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚወራረደው ደግሞ የተስተካከለ ኦድ ይጠብቀዋል። በእነዚያ ሁለት ጊዜዎች መካከል የሚተርፍ ጥቅም አለ የሚሉ ከሆነ፣ የተወራረዱበትን ኦድና ጨዋታው ሲጀመር የነበረውን ኦድ ጎን ለጎን ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ይመዝግቡና ያሳዩን።

ጠያቂ፦
እመዘግባለሁ። በነጥብ ማስገባት ላይ የተደረጉትን ውርርዶች ከሌሎቹ ለይቼ አቀርባለሁ፤ የከሰርኩባቸውንም ሳልተው።