ጓሳ ላይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ለ18 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ይበቃል?

መንገደኛ ዘደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት መጨረሻ አምስት ሆነን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለው ከፍተኛ የሣር ሜዳ፣ መንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታ ላይ በእግር ለመሄድ አስበናል። ካርታ ላይ የለካነው መንገድ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሹ የተረገጠ መንገድ፣ ግማሹ ሣር ሜዳ ነው፤ ዳገቱ ተደምሮ 400 ሜትር ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን 8 ሰዓት ላይ እንገባለን ብለናል። ይሆናል? ስለ ጫማ፣ ልብስና ውሃስ ምን ትመክሩናላችሁ? ያለ ስካውት (የቦታው ጠባቂና መንገድ መሪ) መሄድስ ይቻላል? ከመካከላችን ሁለቱ ከሸዋ ሮቢት ነው የሚመጡት።

ጅብራ
ስሌታችሁ ለጓሳ አይሆንም። የጓሳ ሣር እንደ መስክ ሣር ተነጥፎ አይበቅልም፤ በየጉብታው ተነጣጥሎ ነው የሚቆመው፣ በመሃሉም የአይጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ጉብታው ላይ የረገጠ ሰው ይንሸራተታል፣ መሃሉን የረገጠ ደግሞ የማያየው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በተረገጠው መንገድ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ በሣሩ ውስጥ 2.5 ብላችሁ ያዙ። 9ኙ ኪሎ ሜትር 2 ሰዓት ከሩብ፣ ሌላው 9 ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ይወስዳል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ለ400 ሜትሩ ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩ፤ ለምሳና ለእረፍት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። ድምሩ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው።

2 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ የምትገቡት 10 ሰዓት አልፎ ነው። ችግሩ መዘግየቱ ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከይፋት ቆላ የሚወጣው ሞቃት አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጭጋግ ይሆናል፤ ቀድሞ የሚሸፍነውም እናንተ የምትሄዱበትን አፋፍ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባላችሁ። 5 ሰዓት ላይ ግማሹን ካላጋመሳችሁ ግን ያለ ክርክር ተመለሱ።

ጭጋግ ከያዛችሁ ወዲያው ቁሙ፣ ተሰብሰቡ፣ ቁጥራችሁ ሙሉ መሆኑን እዩ። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ገደሉ በቀኛችሁ፣ በምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ ኮምፓስ አውጥታችሁ ወደ ምዕራብ ራቁ። አፋፉ ላይ ሣሩ ከድንጋዩ አልፎ ስለሚንጠለጠል ዳሩ የት እንደሚያልቅ አይታይም፤ ሰማዩ ጠርቶም ቢሆን 20 እርምጃ ያህል ራቁ።

ባና ለባሽ
ጅብራ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ከጠፋህ ወንዝ ተከተል» ይላል። እዚህ አይሠራም፤ በምሥራቅ በኩል ያለውን ውሃ የተከተለ መጨረሻው ገደል ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ ጋቢ ለማታ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ጥጥ ላብና ጤዛ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይዝም። ጂንስም እንደዚያው። የበግ ፀጉር ግን ረጥቦም ያሞቃል፤ መንዞች ባና የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ ከላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል። ጥቅምት ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ ጓንትም ባርኔጣም ያስፈልጋል።

ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍንና ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። አዲስ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ከተማ ውስጥ አለማምዱት። ሁለት የሱፍ ካልሲ ያዙ፤ ረግረግ ከተሻገራችሁ በኋላ ቀይሩ፣ እርጥብ እግር ቶሎ ውሃ ይቋጥራልና። በነገራችን ላይ፣ ጠዋት ረግረጉ በውርጭ ጠንክሮ ሲታይ አትመኑት፤ ላዩ ብቻ ነው፣ ሰው ሲረግጠው ይሰበራል። በዱላ እየነካችሁ እለፉ።

መንገደኛ ዘደብረ ብርሃን
በጣም አመሰግናለሁ። መነሻችንን ወደ 12 ሰዓት ተኩል አመጣን። ውሃ እዚያው ከምንጭ መቅዳት ይቻላል? ከሸዋ ሮቢት የሚመጡት ልጆች በዚያው ቀን ደርሰው ቢሄዱስ?

የደጋ ነርስ
በዚያው ቀን አይሂዱ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጓሳ እስከ 3,700 ይደርሳል። ቢያንስ አንድ፣ ከተቻለ ሁለት ሌሊት ጓሳ አጠገብ ባለችው በመሃል ሜዳ ከተማ ይደሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ ወደ ላይ መሄድ ይቁም። ሲራመድ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ጠዋትን ሳትጠብቁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት። የሕመም ማስታገሻ ራስ ምታቱን ይደብቃል እንጂ ምክንያቱን አያድንም።

ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ያዙ። ብርዱ ጥማትን ስለሚያስረሳ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ምንጩ ጥርት ያለ ቢመስልም ከብትና ጭላዳ ዝንጀሮ ይጠጡበታል። ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ከተጠቀማችሁ መጠኑን መያዣው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ፣ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን የመቆያ ጊዜውን በእጥፍ አርዝሙት። ካፈላችሁ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል፣ እሳትም አይጠይቅም።

ጅብራ
ስካውቱን የግድ ያዙ፤ መሃል ሜዳ ሳላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ረግረጉን በየወቅቱ የት መሻገር እንደሚቻል የሚያውቀው እሱ ነው። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ባትሪም በብርድ ቶሎ ያልቃል፤ በውስጥ ኪስ ያዙት።

ውሻ አታምጡ፣ የተከተላችሁንም መልሱ። ቀይ ቀበሮን በብዛት የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀበሮውን ለማየት የጭላዳ መንጋ ፈልጉ፤ በመሃላቸው እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። ወደ መንጋው አትጠጉ፣ ተቀምጣችሁ ጠብቁ። ጭላዳዎቹ ከበረገጉ ቀበሮውም አደኑን ይተዋል።